የሴይስሞሜትር አቅጣጫ፦ ሳይነኩ መለካት፣ ለክቶ ማረም

ሴይስሞሜትር፣ ማለትም የመሬት ንዝረት መመዝገቢያ መሣሪያ፣ ሦስት ቻናል አለው። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለቱ ደግሞ በአግድም ያለውን የመሬት እንቅስቃሴ ይመዘግባሉ። አግድሞቹ በፋይሉ ላይ «ሰሜን» እና «ምሥራቅ» ተብለው ይጻፉ እንጂ መሣሪያው ራሱ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም፤ የሚነግረው የተከለው ሰው ነው። ያ ሰው 10 ዲግሪ ከሳተ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሚመጣው መረጃ ሁሉ 10 ዲግሪ የሳተ ነው። ሞገዱን ያየ ሰው ግን ምንም አይጠረጥርም። ክፍተት የለውም፣ ጫጫታው አልጨመረም፣ ቀረጻው ከጤነኛ ጣቢያ ቀረጻ አይለይም። የአቅጣጫ ስህተት ለዓመታት ተደብቆ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በቁጥር እንየው። ሴንሰሩ (ሴይስሞሜትሩ) 5 ዲግሪ ቢዞር የሰሜን ቻናል ከራሱ ድርሻ የሚያጣው 0.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ከምሥራቁ የሚቀላቀልበት ግን 8.7 በመቶ ነው። በ10 ዲግሪ ቅልቅሉ 17 በመቶ፣ በ20 ዲግሪ 34 በመቶ ይደርሳል። ጉዳቱ የሚመጣው ከሚጠፋው ሳይሆን ከሚቀላቀለው ነው። ከርዕደ መሬት ሞገዶች ቀድሞ የሚደርሰውን የፒ ሞገድ መድረሻ ሰዓት ብቻ ለሚያነብ ሰው ይህ ላይታየው ይችላል። ከፒ ቀጥሎ የሚመጣው የኤስ ሞገድ ፈጣንና ዘገምተኛ ሆኖ ለሁለት መከፈሉን ለሚያጠና ሰው ግን ፈጣኑ አቅጣጫ ልክ በዚያው ማዕዘን ተጣሞ ይወጣለታል። የሬይሊንና የለቭን ሞገድ (በመሬት ገጽ የሚሄዱ ሁለት የሞገድ ዓይነቶች) ለይቶ ለሚሠራም ሁለቱ ይደባለቁበታል።

ከሁሉ የሚቀድመው፦ ሳትለኩ አትንኩ

ጣቢያ ደርሶ ሴንሰሩን ጠምሞ ያገኘ ሰው ወዲያው ሊያቀናው ይፈልጋል። እጃችሁን ሰብስቡ። ሴንሰሩ ባለበት እንዳለ ማዕዘኑ ከተለካ ያለፈው መረጃ በሙሉ በስሌት ይታረማል። ሳይለካ ከተነካ ግን የቀድሞው ማዕዘን ከርቀት ርዕደ መሬቶች በግምት ብቻ የሚፈለግ ይሆናል፤ ያ ግምት ደግሞ በ2 ወይም 3 ዲግሪ ይዋዥቃል። አንዴ የተነካ ሴንሰር ወደ ነበረበት አይመለስም።

ስለዚህ በመስክ መዝገባችሁ ላይ ሁልጊዜ ሁለት መስመር ይኑር፦ «እንደተገኘ» እና «እንደተተወ»። ምንም ሳታርሙ ብትመለሱ እንኳ ሁለቱንም ሙሉ፤ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ያም ራሱ ማስረጃ ነው።

የምልክት ስምምነቱን አጥብቃችሁ ያዙ

ብዙ ስህተት የሚወለደው ከመለካት ሳይሆን ከአጻጻፍ ነው። መሬቱ ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ቻናሎቹ አዎንታዊ ይሆናሉ። አዚሙት የሚቆጠረው ከእውነተኛው ሰሜን ተነስቶ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከ0 እስከ 360 ነው። የጣቢያ መረጃ በሚጻፍባቸው በሲድና በስቴሽን ኤክስኤምኤል ቅርጸቶች ዲፕ (የቻናሉ የዘንበል ማዕዘን) የሚቆጠረው ከአግድም ወደ ታች ስለሆነ የቁም ቻናል ዲፕ −90 ነው። +90 የጻፈ ሰው ሳያውቀው «ይህ ቻናል የተገለበጠ ነው» ብሏል።

የስሙም ነገር ደንብ አለው። ቻናሉ ከእውነተኛው ሰሜን ወይም ምሥራቅ በ5 ዲግሪ ውስጥ ከሆነ በሰሜንና በምሥራቅ ፊደል ይሰየማል፤ ከዚያ ካለፈ በቁጥር 1 እና 2 መሰየም አለበት። ከዚህ በታች ሁለቱን አግድሞች ቻ1 እና ቻ2 እንላቸዋለን፤ ቻ2 ከቻ1 ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ላይ ነው። የምንፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የቻ1 አዚሙት። እሱን «ማ» እንበለው።

በቢሮ የሚሠራው

1. የቁሙን ቻናል መርምሩ። በዚህ ጀምሩ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጡት ስሌቶች ሁሉ የቁሙ ቻናል ትክክል ነው ብለው ይነሳሉ። የቁሙ ከተገለበጠ ውጤታችሁ ልክ 180 ዲግሪ ይስታል፣ እናንተም ደህናውን ሴንሰር «ወደ ደቡብ ዞሯል» ትላላችሁ። በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሳ ከ6.5 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ምረጡ፣ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ወቅት አጣሩ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ አስተማማኝ ጣቢያ ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያው የፒ ሞገድ በሁለቱም ላይ ወደ አንድ ወገን መነሳት አለበት። በሁለት ወይም ሦስት ርዕደ መሬት ድገሙት።

2. በፒ ሞገድ ማዕዘኑን አውጡ። ፒ ሞገድ መሬቱን የሚገፋው በመጣበት መስመር ላይ ነው። ርዕደ መሬቱ የት እንደተነሳ ስለምናውቅ ሴንሰሩ ካሳየው ጋር እናነጻጽራለን።

ከ30 እስከ 90 ዲግሪ ርቀት ላይ ያለ (በመሬት ገጽ ላይ 1 ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)፣ መጠኑ ከ6 የሚበልጥ ርዕደ መሬት ውሰዱ። ከ10 እስከ 30 ሰከንድ አጣሩ፤ ከዚያ አጠር ብትሉ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ላይ የሚንፈራገጠው የውቅያኖስ ጫጫታ ይገባባችኋል። ፒ ከመድረሱ 5 ሰከንድ አስቀድሞ ጀምራችሁ ከደረሰ 25 ሰከንድ በኋላ ቁረጡ። ቻ1ን በቁም መስመር፣ ቻ2ን በአግድም መስመር አድርጋችሁ ሳሉት። ጤነኛ ከሆነ ቀጭን፣ ረዘም ያለ እንቁላል የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። ክብ ወይም የተንጨባረረ ከሆነ ያንን ርዕደ መሬት ጣሉት፤ በማጣሪያ ብዛት አታድኑትም። ከሩቅ የሚመጣ ፒ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚደርስ የአግድም ድርሻው ትንሽ ነው፤ የቁሙ ቻናል ላይ አምሮ የታየ ሞገድ በአግድሞቹ ላይ ከጫጫታ በታች ሊሆን ይችላል።

መስመሩ ሁለት ጫፍ አለው፤ ወደ ምንጩ የሚያመለክተውን የሚለየው የቁሙ ቻናል ነው። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ወደ ላይ ከሆነ አግድሞቹ ከምንጩ ይሸሻሉ፤ ወደ ታች ከሆነ ወደ ምንጩ ይሄዳሉ። ከዚያ፦

ማ = ትክክለኛው የምንጭ አቅጣጫ − ሴንሰሩ ያሳየው የምንጭ አቅጣጫ

ትክክለኛው 62፣ ሴንሰሩ ያሳየው 49 ከሆነ ማ 13 ዲግሪ ነው። ትክክለኛው 20፣ ያሳየው 350 ከሆነ −330 ይወጣል፤ 360 ደምሩበት፣ 30 ይሆናል።

3. በሬይሊ ሞገድ አረጋግጡ። ይህ ከፒው ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሞገዱ ትልቅ፣ ረጅምና በአግድሞቹ ላይ ጎልቶ የሚታይ ስለሆነ አንድ ዓመት የሠራ ጣቢያ በቂ ናሙና ይሰጣል። መጠኑ ከ6 የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርዕደ መሬት ያስፈልጋል፤ ጥልቅ ርዕደ መሬት የገጽ ሞገዱ ደካማ ነው። ከ25 እስከ 50 ሰከንድ አጣሩ። የመስኮቱን መጀመሪያ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ለ4 በማካፈል፣ መጨረሻውን ለ2.5 በማካፈል አውጡ። ለ6000 ኪሎ ሜትር ይህ ርዕደ መሬቱ ከተነሳበት ሰዓት ከ25ኛው እስከ 40ኛው ደቂቃ ማለት ነው።

በሬይሊ ሞገድ የመሬቱ ቅንጣት ሞላላ ምሕዋር ይዞ ስለሚሽከረከር ወደ ምንጩ መስመር ያለው አግድም እንቅስቃሴ ከቁሙ በ90 ዲግሪ ፌዝ፣ ማለትም በሩብ ዑደት፣ ይለያል። የቁሙን ቻናል በሂልበርት ማሸጋሸጊያ 90 ዲግሪ አሸጋሽጉ። ከዚያ አግድሞቹን ከ0 እስከ 359 በ1 ዲግሪ እርምጃ እያዞራችሁ ከተሸጋሸገው ቁም ጋር ኮሪሌሽናቸውን (ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ) አስሉ። ከፍተኛው የተገኘበት ማዕዘን ሴንሰሩ ያሳየው የምንጭ አቅጣጫ ነው፤ ማን ከላይ ባለው ቀመር አውጡ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ኮሪሌሽን እንደምትጠቀሙ ልብ በሉ። በሁለቱም ሞገዶች ጉልበት የተካፈለው፣ ማለትም ከ−1 እስከ 1 የሚሄደው፣ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ስለሆነ ማዕዘን ለመምረጥ አይመችም፤ ለጥራት መለኪያ ያዙት፣ ከ0.8 በታች የሆነውን ጣሉ። ማዕዘኑን የምትመርጡት በቁሙ ቻናል ጉልበት ብቻ በተካፈለው ነው፤ የእሱ ጫፍ ጎላ ያለ ነው።

የሂልበርቱ ምልክት ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሊለያይ ይችላል፤ ከተገለበጠ ውጤቱ 180 ዲግሪ ይስታል። ኮዳችሁን አቅጣጫው በእርግጠኝነት በሚታወቅ ጣቢያ ላይ ሳትፈትኑ በማይታወቀው ላይ አትልቀቁት።

4. ብዙ ርዕደ መሬት፣ ከብዙ አቅጣጫ። አንድ ርዕደ መሬት ምንም አይነግራችሁም። የገጽ ሞገድ የመሬቱ ቅርፊት በተለወጠ ቁጥር መንገዱን ያጣምማል፤ ከጣቢያው በታች ያለ ዘንበል ያለ ድንጋይ ደግሞ ፒውን ያዞረዋል። እነዚህ ስህተቶች ከአቅጣጫ ወደ አቅጣጫ ስለሚለያዩ ርዕደ መሬቶቹ ከዙሪያው ከመጡ ይጠፋፋሉ፤ ሁሉም ርዕደ መሬቶች ከአንድ ወገን ከመጡ ግን አብረው ወደ አንድ ጎን ይገፏችኋል። ቢያንስ 10፣ ቢቻል ከ20 በላይ ተጠቀሙ፣ ከአራቱ የአቅጣጫ ሩቦች ቢያንስ በሦስቱ ተበትነው ይምጡ። በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር 2 ወይም 3 ዲግሪ ቢዋዥቅ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ የተሻለ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ መስክ መውጣት ግድ ነው።

ስታማክሉ የማዕዘን አማካይ ተጠቀሙ። 358፣ 2 እና 3 ዲግሪን እንደ ተራ ቁጥር ደምሮ ለሦስት ያካፈለ 121 ያገኛል፤ ትክክለኛው መልስ ግን 1 ነው። ሳይንና ኮሳይናቸውን ለየብቻ አማክላችሁ ወደ ማዕዘን መልሱ።

5. በጊዜ ላይ ዘርጉት። እያንዳንዱን ውጤት በቀኑ ላይ ነጥብ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ነጥቦቹ ለሁለት ዓመት 13 አካባቢ ቆይተው በድንገት ወደ 2 ከወረዱ በዚያ መሃል የሆነ ሰው ሴንሰሩን ነክቶታል። የጥገና መዝገቡን፣ የመረጃ ክፍተቶችንና የውስጥ ሚዛኑ (በሴንሰሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ክብደት) አቀማመጥ በድንገት የዘለለባቸውን ሰዓታት ፈልጉ፤ ትክክለኛው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ አለ። ሁሉንም ደርቦ አንድ አማካይ ያወጣ ሰው ለየትኛውም ዘመን የማይሆን ቁጥር ይይዛል።

በመስክ፦ እውነተኛውን ሰሜን ወደ ሴንሰሩ ማምጣት

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ማነጣጠሪያ ያለውና በ1 ዲግሪ የተከፋፈለ ኮምፓስ፣ ብረት የሌለው ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ቱንቢ፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ማስመሪያ፣ ወለል ላይ የሚጭርና የማይጠፋ ጽሑፍ የሚጽፍ ነገር። ስልክ ለፎቶ ይሁን፤ በስልክ ውስጥ ያለውን ኮምፓስ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት።

ኮምፓስን ሴንሰሩ ላይ አስጠግቶ ማንበብ በጣም የተለመደና በጣም መጥፎ ልማድ ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ማግኔት አለ፣ በኮንክሪቱ ውስጥ ፌሮ አለ፣ በሩ ብረት ነው፣ አጠገቡ ባትሪ ተቀምጧል። መርፌው ተረጋግቶ ይቆማል፤ የቆመው ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሰሜን የሚለካው ውጭ ነው፣ ከዚያ በሲባጎ ወደ ውስጥ ይመጣል።

ከመውጣታችሁ በፊት ዲክሊኔሽን የሚባለውን የማግኔት ዝንፈት ለቦታውና ለዕለቱ አስሉ። ዓለም አቀፉ የማግኔት መስክ ሞዴል በየ5 ዓመቱ ስለሚታደስ አዲሱን ተጠቀሙ፤ አሮጌ ካርታ ጠርዝ ላይ የታተመው ቁጥር ጊዜው አልፎበታል። ዝንፈቱ 8 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ከሆነ እውነተኛው ሰሜን በኮምፓሱ ላይ 352 የሚነበብበት ነው። ምልክቱን ገልብጦ 8 ላይ ያቆመ ሰው የሚስተው በ8 ሳይሆን በ16 ዲግሪ ነው። የካርታ ፍርግርግ ሰሜንም እውነተኛ ሰሜን አይደለም፤ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ከዞኑ መካከለኛ መስመር 3 ዲግሪ የራቀ ቦታ ላይ ሁለቱ በ2.1 ዲግሪ ይለያያሉ።

ውጭ፣ ከአጥርና ከመኪና ቢያንስ 20 ሜትር ርቃችሁ ሁለት ችካል አቁሙ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው አንብቡ። ልዩነቱ 180 መሆን አለበት። ከ1 ዲግሪ በላይ ከሸሸ በአንዱ ችካል ሥር ማግኔትን የሚያውክ ነገር አለ፤ ቦታ ቀይሩ። እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ባለበት አካባቢ ጥሩ ቦታ ሳታገኙ ልትውሉ ትችላላችሁ። እንደዚያ ከሆነ ኮምፓሱን ተዉትና ወደ ፀሐይ ዙሩ።

የፀሐይ ዘዴ ርካሽ ነው፣ በትክክል ከተሠራም ከኮምፓስ ይበልጣል። ቱንቢ አንጠልጥሉ፣ የክሩ ጥላ ወለል ላይ ሲያርፍ ሁለት ነጥብ ምልክት አድርጉና ሰዓቱን ከጂፒኤስ ጋር በተመሳከረ ሰዓት እስከ ሰከንዱ ጻፉ። ለዚያ ሰዓትና ቦታ የፀሐይን አዚሙት አስሉ፤ ጥላው ከእሱ 180 ዲግሪ ተቃራኒ ነው። ይህን ፀሐይ ዝቅ ባለችበት፣ ጠዋት ወይም ማምሻ፣ ከአድማስ ከ30 ዲግሪ በታች ሳለች ሥሩት። ያኔ የአንድ ደቂቃ የሰዓት ስህተት የሚያመጣው ሩብ ዲግሪ ገደማ ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን፣ በተለይ ፀሐይ አናት ላይ በምትወጣባቸው አገሮች፣ አዚሙቱ በደቂቃዎች ውስጥ በብዙ ዲግሪ ይሮጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ በሌላ ጥላ ድገሙ፤ ሁለቱ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ካልተስማሙ አንዱ ላይ ስህተት አለ።

በጂፒኤስ የሚሠራ ሰው ርቀቱን ያስላ። 5 ሜትር የሚስት የእጅ ጂፒኤስ በ100 ሜትር መስመር ላይ 3 ዲግሪ ያህል ያሳስታል፤ አይጠቅምም። በሴንቲ ሜትር የሚለካ የቅየሳ ጂፒኤስ ግን 2 ሴንቲ ሜትር ቢስት እንኳ በ20 ሜትር መስመር ላይ ከአሥረኛ ዲግሪ በታች ነው። ሰሜን ፈላጊ ጋይሮ ያለው ሰው ማግኔትም ፀሐይም አያስጨንቀውም፤ የመሬትን መሽከርከር ተጠቅሞ ሰሜንን ራሱ ያገኛል፣ ተረጋግቶ እስኪቆም ግን ጠብቁት።

መስመሩን ወደ ውስጥ ለማስገባት ሲባጎውን በበሩ በኩል አሳልፉና ከሁለቱ ጫፎች ቱንቢ አውርዱ። ውጭ ያለው ጫፍ በተለካው መስመር ላይ፣ ውስጥ ያለው ከሴንሰሩ አጠገብ ይሁን። ሲባጎው በ3 ሜትር ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ከሸሸ 1 ዲግሪ ሄደ ማለት ነው፤ የበሩን ጠርዝ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከዚያ በስኳድራ ትይዩ መስመር ወደ ሴንሰሩ መቀመጫ አምጡና ወለሉ ላይ ጫሩት። ቀለም ይላጫል፤ ጭረት ይቆያል።

አሁን የሴንሰሩን አቅጣጫ ከጭረቱ ጋር አነጻጽሩ። መመሪያውን አንብቡ፤ አንዳንዱ አምራች ምልክቱን ወደ ሰሜን፣ አንዳንዱ ወደ ምሥራቅ ያደርጋል። ማስመሪያውን ከምልክቱ ጋር አስተካክላችሁ ከላይ ቀጥ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከጎን የሚያይ ዓይን ሁለት ዲግሪ በቀላሉ ይሰርቃል። በ25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል 1 ዲግሪ ነው። ሦስት ጊዜ ለኩ፣ ሦስቱንም ጻፉ፣ ከላይ ፎቶ አንሱ፤ ጭረቱና ምልክቱ አብረው ይታዩ።

ሴንሰሩን ሳይነኩ የኬብል መቀያየርን መፈተን ይቻላል። ከሴንሰሩ በስተሰሜን 1 ሜትር ርቃችሁ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ክብደታችሁ ወለሉን በጥቂቱ ወደ እናንተ ያዘነብለዋል፤ የሴንሰሩ ሰሜን ጎን ዝቅ ስለሚል የሰሜን ቻናል መጀመሪያ ወደ አሉታዊ ይሄዳል፣ የምሥራቁ እምብዛም አይነቃነቅም። ከዚያ በስተምሥራቅ ቁሙ፤ ተራው የምሥራቁ ነው። ይህ ከረጅም ወቅት ሴንሰር ጋር በግልጽ ይታያል። ሌላ ቻናል ከመለሰ ኬብሉ ወይም የቻናል ስሙ ተቀያይሯል፤ ምልክቱ ከተገለበጠ አንዱ ዋልታ ተገልብጧል።

በጉድጓድ ውስጥ ላለ ሴንሰር፦ አጋር ሴንሰር

ቁፋሮ ውስጥ 50 ወይም 100 ሜትር የወረደ ሴንሰር በዓይን አይታይም። አቅጣጫው በእርግጠኝነት የሚታወቅ አጋር ሴንሰር በጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ ጠንካራ መሬት ላይ ትከሉ። የአጋሩ የሰሜን ስህተት ሳይቀነስ ወደ መልሱ ስለሚያልፍ ከላይ ያለውን ሁሉ ለእሱ ሥሩ። ሁለቱም ሰዓታቸው ከጂፒኤስ ጋር የተያያዘ፣ የናሙና ፍጥነታቸው እኩል ይሁን። አጋሩን ከነፋስና ከሙቀት ለውጥ ሸፍናችሁ ሌሊቱን ተዉት።

ርዕደ መሬት መጠበቅ አያስፈልግም። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያለው የውቅያኖስ ጫጫታ ዘወትር አለ፣ የሞገዱም ርዝመት ኪሎ ሜትሮች ስለሆነ ሁለቱ ሴንሰሮች አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ያያሉ። በመጀመሪያ የሁለቱንም የመሣሪያ ምላሽ፣ ማለትም መሣሪያው ራሱ በሞገዱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ፣ ከቀረጻው አስወግዱ። ይህን የዘለለ ሰው ይቸገራል፤ የ20 ሰከንድ ሴንሰር በ10 ሰከንድ ወቅት ላይ ፌዙን 43 ዲግሪ ያህል ያሸጋሽጋል፣ የ120 ሰከንዱ ግን በጥቂቱ ብቻ።

ቀጥሎ በትንሹ ካሬ ዘዴ ይህን ፍቱ፦ ቻ1 = ሀ × ሰሜን + ለ × ምሥራቅ (ሰሜንና ምሥራቅ የአጋሩ ቻናሎች ናቸው)። ሀ 0.906፣ ለ 0.423 ቢወጣ ለ ሲካፈል ለሀ ታንጀንቱ የሆነው ማዕዘን 25 ነው፤ ማ 25 ዲግሪ። ሩቡን ለመለየት የሁለቱንም ምልክት የሚያይ አርክታንጀንት ተጠቀሙ። ለቻ2ም ድገሙት፤ 115 መውጣት አለበት። ይህ ዘዴ ሁለት ስጦታ ይጨምራል። የሀና የለ ካሬ ድምር ሥር 1 ካልሆነ የአንዱ ሴንሰር ትብነት በሜታዳታው (ስለ ጣቢያውና ስለ መሣሪያው በተጻፈው መረጃ) ላይ ተሳስቷል። የሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት ደግሞ 90 ሳይሆን −90 ከሆነ ቻናሎቹ ተቀያይረዋል ወይም አንዱ ተገልብጧል፤ ይህን ምንም ያህል ብታዞሩ አይስተካከልም፣ መስታወት ውስጥ እንደታየ እጅ ነውና። ሌሊቱን በአንድ አንድ ሰዓት ከፍላችሁ አስሉ፤ ውጤቶቹ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተበተኑ አጋሩ በደንብ አልተቀመጠም።

ስህተቱ ራሱ ይናገራል

የተገኘው ቁጥር ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ይዞ ይመጣል። 90 አካባቢ ከሆነ የምሥራቅ ምልክት እንደ ሰሜን ተነቧል። 180 ከሆነ የኮምፓሱ መርፌ በጭራው ተነቧል፣ ወይም የቁሙ ቻናል ተገልብጧል፤ የመስክ ልኬቱ 0፣ የሞገዱ ስሌት 180 ካለ ሁለተኛው ነው። የአካባቢው የማግኔት ዝንፈት ያህል ከሆነ ዝንፈቱ ተረስቷል፤ እጥፉ ከሆነ በተገለበጠ ምልክት ተደምሯል። ከእነዚህ የማይገጥም እንደ 13 ያለ ቁጥር ኮምፓሱ ብረት አጠገብ መነበቡን ወይም ሴንሰሩ በኬብል መጎተቱን ያመለክታል።

ማረም፦ ማዞር ወይስ መጻፍ?

የምናምንበትን በግልጽ እንናገር፦ ሴንሰሩ ጠምሞ ግን በትክክል ተለክቶ ከተጻፈ ተስተካክሎ ተተክሎ ካልተለካው ይሻላል። የጉድጓድ ሴንሰርን አታዙሩ፤ ቁጥሩን ሜታዳታ ላይ መጻፍ በቂ ነው። ክፍል ውስጥ ያለው ከ5 ዲግሪ በታች ከሳተም እንደዚያው። ከዚያ በላይ ከሆነና ለሌላ ጥገና ከሄዳችሁ አዙሩት፤ ለማዞር ብቻ ብላችሁ ጸጥ ብሎ የሚሠራ ጣቢያ አታውኩ።

ስታዞሩ፦
- ሰዓቱን በዓለም አቀፍ ሰዓት ጻፉ። መቆለፊያ ያለው ሴንሰር ከሆነ ቆልፉ።
- የእግሮቹን ዳዶ አላሉ፣ ሴንሰሩን ከጭረቱ ጋር አስተካክሉ።
- በውሃ ልኩ አረፋ አስተካክሉ። ከዚያ አቅጣጫውን እንደገና እዩ፤ እግር ሲዞር ሴንሰሩም አብሮ ይዞራል።
- ዳዶዎቹን አጥብቁ። አቅጣጫውን ለሦስተኛ ጊዜ እዩ። ስህተት ሾልኮ የሚገባው እዚህ ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ሴንሰሩን አንድ ሁለት ዲግሪ ይዞ ይሄዳል።
- ኬብሉን አንድ ጊዜ ጠቅልላችሁ ወለሉ ላይ እሰሩ። ደረቅ ኬብል ቀስ እያለ ሴንሰሩን መልሶ ይጎትተዋል።
- ክፈቱ፣ የውስጥ ሚዛኑን ማዕከል አድርጉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ሸፍኑ፣ «እንደተተወ» የሚለውን ሙሉ።

በሜታዳታው ላይ የድሮውን ዘመን በዚያች ሰዓት ዝጉ፣ አዲስ ክፈቱ። ለድሮው 13 እና 103፣ ለአዲሱ የተለካውን፣ ለምሳሌ 0.5 እና 90.5 ጻፉ። 0.5ን «ዜሮ ነው» ብላችሁ አታጠጋጉ። ዘገባ ላይ «እርማት 13» ብላችሁ ብቻ አትተዉ፤ አንዱ ሴንሰሩ የቆመበት ነው ይለዋል፣ ሌላው መዞር ያለበት። በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «የቻ1 አዚሙት ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ቀኝ 13 ዲግሪ ነው»።

በማኅደር ያለውን ጥሬ መረጃ አታዙሩ። ፋይሉን አዙራችሁ ሜታዳታውንም ከቀየራችሁ ተጠቃሚው እንደገና ያዞረዋል፣ 13 የነበረው −13 ይሆናል። ማዞር የሚገባው በትንተና ጊዜ ነው፦

ሰሜን = ቻ1 × ኮሳይን(ማ) − ቻ2 × ሳይን(ማ)
ምሥራቅ = ቻ1 × ሳይን(ማ) + ቻ2 × ኮሳይን(ማ)

ለ13 ዲግሪ ኮሳይኑ 0.974፣ ሳይኑ 0.225 ነው። ኦብስፓይ በተባለው የሴይስሞሎጂ ፕሮግራም ያለው የሦስት ቻናል ማዞሪያ አዚሙትና ዲፕ ከሜታዳታው ወስዶ ይህንኑ ይሠራል።

ከተነካ በኋላ ሴንሰሩ ከሙቀቱና ከወለሉ ጋር እስኪላመድ አንድ ቀን ያህል ጠብቁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ትልቅ ርዕደ መሬት ይዛችሁ የሬይሊውን ስሌት በአዲሱ አዚሙት ድገሙ፤ ጥቂት ርዕደ መሬቶች ሲጠራቀሙ ነጥቦቹ በዜሮ ዙሪያ መበተን አለባቸው። ያው ስሌት በድሮው መረጃ ላይ፣ በድሮው አዚሙት ታርሞ ሲሠራም ዜሮ ካልሰጠ «እንደተገኘ» ብላችሁ የጻፋችሁት ቁጥር ተሳስቷል፤ ፎቶውን አውጡና ጭረቱን እንደገና ለኩ።